ማር የበላች ድመት

የእናቴ ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል የምትናገረውን የሚጽፍላት የሰፈራችን ዲያቆን ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር በጣም አጭር ነው። «አያ ስንሻው አረፈ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያስደነገጠኝ ሞታቸው ብቻ አልነበረም፤ «አረፈ» የሚለው ቃልም ጭምር ነው። እናቴ እኩዮቿ የሆኑትን የሰፈር ወንዶች ሁሉ «አንተ» ስትል፣ አያ ስንሻውን ግን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ዝቅ አድርጋቸው አታውቅም። ይህ አክብሮት እንዳልሆነ ልጅ ሆኜም ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃት «የማላውቀውን ሰው አንተ አልልም» አለችኝ። የአያ ስንሻው ቤት ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ የዲያቆኑ ስሕተት መሰለኝ። ከዚያ የደብዳቤውን ቀሪ ክፍል አነበብኩ። እሱን ግን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። ነገሩ እኔ ዘንድ የደረሰው በዚህ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የማስታውሰውንና ያልገባኝን ለይቼ በተራው ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባበት ዘመን አያ ስንሻው በጣልያኖቹ ሰፈር ወጥ ቤት ሳህን ያጥቡ ነበር። ረዥምና ቀጭን ነበሩ። ጆሯቸው ውስጥ ውሃ እንደገባበት ሰው ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ይሄዱ ነበር። እጃቸው በሙቅ ውሃና በሳሙና ብዛት እስከ አንጓቸው ነጥቶና ተጨማትሮ ስለነበር የራሳቸው ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ የገጠሙ ይመስሉ ነበር። ሴቶቹ ከኋላቸው «ሳህን አጣቢው» ይሏቸዋል። ወንዶቹ ደግሞ «ባንዳው» ይሏቸዋል።

ከዚያ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ብዙ ዓመት ተምረው ሊያስመሰክሩ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለው ወጡ ይባላል። ለምን እንደወጡ ስጠይቃቸው «ሆዴ ነው ያስወጣኝ» አሉኝ። ረኃብ ይሁን ሕመም ይሁን ከሰው ተቀያይመው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የእርሳቸው ንግግር ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ሁለት ቦታ ይረግጣል።

የሚያዘወትሩት ቃል «እስቲ ድገሚው» ነበር። ምንም ብትነግሯቸው ያስደግማሉ። ሲደገምላቸው ቃሉን እንደ ዳቦ ለሁለት ይገምሱትና ከውስጡ ሌላ ነገር ያወጣሉ። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተውኝ «ትዋብ፣ በከተማችን ማር የት ይገኛል?» አሉኝ።

«ገበያ» አልኳቸው።

«ገበያማ ከጠፋ ከረመ። ከተማችን ማን ይባላል?»

«ደብረ ማርቆስ።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ደብረ ማር… ቆስ» አልኩና ማሩን አገኘሁት። ያን ዕለት ስቄ ልሞት ነበር። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ማር የት አለ?» እያልኩ ሳስቸግር ዋልኩ። እናቴ ከማን እንደሰማሁት ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ከዚያ ሰው ጋር ነገር አታብዢ» አለችኝ።

የፈራችበት ምክንያት ነበራት። አባቴ ዱር ከገባው ሰው ጋር ወጥቷል። ከመውጣቱ በፊት፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሁለት የብራና መጻሕፍት በጤፍ ስልቻ ደብቆ አምጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ትቃጠላለች ተብሎ ተፈርቶ ነው። መጻሕፍቱ በበግ ቆዳ ተጠቅልለው ጎታችን ውስጥ በጤፉ መካከል ተቀበሩ። «ከእኔ ይልቅ እነሱን ጠብቂ» ብሏት ሄደ። ቢገኙ መጻሕፍቱ ይወሰዳሉ፣ ቤታችን ይቃጠላል፣ እናቴም ትታሰራለች። እኔ ሲቀበሩ ስላየሁ አፌን እንድይዝ ያላስማለችኝ ቀን የለም።

ሁለት ክረምት ያለ ችግር አለፈ። በሦስተኛው ዓመት አይጥ ጎታውን ለመደው። የሚሸተው ጤፉ ብቻ ሳይሆን ቆዳውም ነበር። እናቴ በቀን ሳይቀር የመፋቅ ድምፅ እየሰማች ጆሮዋን ጎታው ላይ ትለጥፍ ነበር። በመጨረሻ አማኑኤል ከተማ ካለች ዘመዷ አንዲት ግራጫ የድመት ግልገል በቅርጫት አስመጣች። ግልገሏ ከአይጡ እምብዛም አትበልጥም። ጎታው ላይ ወጥታ ስትተኛ ግን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ተነፈሰች።

ሰላሙ አንድ ሳምንት አልቆየም። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። እኛ ስለምንጾም የላማችን ወተት ተርፎ እናቴ ለድመቷ በገበታ ሰጠቻት። ድመቷ ጠጥታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ከዚያም ተቅማጥ ጀመራት። አንዷ ጎረቤት መጥታ «ወተት ነው የጎዳት፣ ተልባ አጠጫት» አለች። ተልባው ባሰባት። ሌላዋ «ወተቱን ለምን ከለከልሻት? የገብስ አጥሚት አብረሽ ስጫት» አለች። ሦስተኛዋ «ድመት ምን ቅምጥል ናት? እንደ ሰዉ ሽሮ በእንጀራ ትብላ» አለች። እናቴ የሁሉንም በየተራ ሞከረች። ድመቷ የጠዋቱን ምግብ ስታስመልስ፣ የማታው ሲያስቀምጣት፣ በመካከሉ ስትጮህ ቆዳዋ ከአጥንቷ ተጣበቀ። እናቴም ማንን እንደምትሰማ ጠፋባት። «ባሌ ዱር ነው፣ አገሩ በጠላት እጅ ነው፣ እኔ የድመት ሆድ ይዤ እዞራለሁ» እያለች ብቻዋን ታወራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድመቷን ፀሐይ ላሙቃት ብዬ በነጠላዬ ታቅፌ በራችን ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እዚያው አጠገቤ ብቅል ታሰጣ ነበር። አያ ስንሻው ከሥራ ሲመለሱ አንድ ዘበኛ ተከትሏቸው መጣ። በዚያን ሰሞን ከወጥ ቤቱ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ሠራተኞቹን ዘበኛ እስከ ቤታቸው እየሸኘ ይፈትሻቸው ነበር። ዘበኛው የአገራችን ሰው ነው፤ እንደ እኛው ጎጃሜ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ድመቷ ከጭኔ ወርዳ፣ ወገቧን ቀስት አድርጋ መንገዱ ላይ አስመለሰች።

አያ ስንሻው ቆሙ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ያስመለሰችውን በእንጨት ጫፍ ማገላበጥ ጀመሩ።

«ምነው ስንሻው፣ ሳህኑ አልበቃህ ብሎ ይህንንም ልታጥብ ነው?» አለ ዘበኛው።

አንዲት ትንሽ ነገር አነሱ። ጀርባቸውን ለዘበኛው ሰጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጓትና ወደ ዓይናቸው አስጠጓት። ሁልጊዜ ዘንበል የሚለው ራሳቸው በዚያች ቅጽበት ቀጥ አለ። እኔ እንዲያ ሆነው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጃቸውን ጨበጡና ተነሡ።

«ይህች ድመት ማር በልታለች» አሉ።

«ማር?» አለች እናቴ ከብቅሉ ቀና ብላ። «ማር ከየት አምጥተን? እኛ እንኳ መልኩን ከረሳነው ቆየን።»

እኔ ጨዋታችን ትዝ ብሎኝ «ማርቆስን በላችው?» አልኩ።

ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። «ከተማውን ከበላችውማ እኛም ሆዷ ውስጥ ነና!»

አያ ስንሻው አልሳቁም። «እታለም፣ ሦስት ነገር ልንገርሽ» አሏት እናቴን። «ነጩን ስጫት። ቀዩን ከፊቷ አንሺ። ከጎታ የወጣ ነገር አይስማማትም።»

«ነጩ ምንድን ነው?»

«ሪዞ።»

«ሬሳ? በስመ አብ!» አለችና አማተበች።

«ሬሳ አይደለም፣ ሩዝ ነው። ጣልያኖቹ ሪዞ ይሉታል። ሆዳቸው ሲታወክ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ በውሃ ብቻ ቀቅለው ይበሉታል። ነገ ጭብጥ አመጣልሻለሁ። ወተቱ ይቅር። ደግሞ ድመት አትጾምም፣ እታለም። ሥጋ ስታጣ ያገኘችውን ቆዳ ታኝካለች።»

«ቀዩስ? እኔ በርበሬ አልሰጠኋትም።»

«ቀዩን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አላወቅሁም እኮ ነው የምልዎ!»

«እስቲ ድገሚው» አሏት። እናቴ እንደ ተማሪ ደገመችላቸው፤ ነጩን መስጠት፣ ቀዩን ማንሣት፣ ከጎታ የወጣውን መተው። «ዛሬውኑ» አሉ። «ነገ ቢሆን አትድንም። ባስታ።» ባስታ ማለት በጣልያንኛ በቃ ማለት ነው። ነገር ሲጨርሱ እንደዚያ ይሉ ነበር።

«ሰው ሐኪም ባጣበት አገር ድመት ሐኪም አገኘች» እያለ ዘበኛው ነዳቸውና ሄዱ።

እናቴ ቤት ከገባን በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ጣቶቼን ማሽተት ነው። ከአንድ ቤት ማር ሰርቄ ለድመቷ ያቀመስኩ መስሏት ነበር። አለመሆኑን ስታረጋግጥ ተቀምጣ ታስብ ጀመር። «ቀይ… ቀይ… ከጎታ የወጣ…» ትላለች። ድንገት ጭኗን መታች። «ጤፉ ነው! ጤፋችን ቀይ ነው! የምትበላው እንጀራ ከእሱ ነው!» አለች። ያን ጤፍ ለጎረቤት ሰጥታ በምትኩ ጥቂት ነጭ ጤፍ ለመውሰድ ወሰነች። አያ ስንሻውን ባታምናቸውም ድመቷ ከሞተች አይጡ መጻሕፍቱን እንደሚጨርሳቸው ታውቃለች። ያኔውኑ ከጎታው በቁና እየዛቀች ወደ ስልቻ መገልበጥ ጀመረች።

ወደ መካከሉ ስትደርስ እጇ ቆመ። የበጉ ቆዳ ተበሳስቷል። ስትገልጠው የአንደኛው መጽሐፍ ቅጠል ከጠርዙ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ተነክሶ ጎድሏል። አይጡ የከፈተውን ቀዳዳ ተከትላ የገባችው የራሳችን ጠባቂ ነበረች። የጾም ምግብ ያንገሸገሻት ድመት ብራናውን አኝካዋለች። ከጎደለው ቦታ አጠገብ ጽሑፉ ቀይ ነው። እናቴ ፊደል ባትለይም ቀለም ትለያለች።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አዩት» አለች።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ እንኳ «አየው» አላለችም።

መጻሕፍቱን በቅርጫት አድርጋ ላያቸውን በኩበት ሸፈነችና ከጓሮ ካለው የኩበት ክምር ሥር ቀበረቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ወታደሮች ሰፈራችንን ከበው መሣሪያ እየፈለጉ ከቤት ቤት ዞሩ። በየጎታው ሳንጃ ይሰዱ ነበር። የእኛ ጎታ ባዶ ነው። ስልቻዎቹን መሬት ላይ ዘርግፈው፣ ጤፉን በጫማቸው በትነው፣ ምንም ሳያገኙ ወጡ። የኩበቱን ክምር አንዱ በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎ አፍንጫውን ይዞ አለፈ።

እናቴ የተበተነውን ጤፍ በእጇ እየሰበሰበች «ትናንት አይተው ዛሬ ላኩብን» አለች።

«እሳቸው እኮ ቀዩን አንሺ ብለውሽ ነበር» አልኳት።

«ዝም በይ! የድመት ምግብ ነው የነገሩኝ። ያዳነኝ እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ባያስነሣኝ ኖሮ ዛሬ አመድ ነበርን።»

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲምታታ የኖረው። የጠቆሙብን እሳቸው ከሆኑ ለምን ከጎታ አንሺ አሉን? ያስጠነቀቁን ከሆነስ ፍተሻው በማግስቱ እንደሚመጣ እንዴት ዐወቁ? እናቴ የተከተለችው የቃሉን ላይኛ ትርጉም ነው፤ የዳነችውም በእሱ ነው። ታዲያ የታችኛውን አስበው ነበር? ወይስ የእውነት ስለ ድመት ብቻ ነበር የተናገሩት? የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከእኔ ይልቅ እርግጠኛ ስለነበረች እሷን አመንኩ።

በዚያኑ ቀን እኩለ ቀን ላይ አያ ስንሻው አጥሩ ዘንድ መጡ። ጭብጥ ሩዝ በመሐረብ ቋጥረው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ስንሻው» አለች እናቴ ከቆመችበት ሳትጠጋ። «የእርስዎን እህል አንፈልግም።»

ራሳቸው እንደ ልማዱ ዘንበል አለ። «ድመቷስ?» አሉ።

«ድመቷ የእግዜር ናት።»

መሐረቡን መልሰው ይዘው ሄዱ።

ድመቷ ግን የእናቴን ውሳኔ አልተቀበለችም። ሽታው ይሁን ረኃቡ የመራት እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባችላቸው። እኔ በዚያው ቀዳዳ አያለሁ። አያ ስንሻው ሩዙን እስኪፈርስ ቀቅለው በሁለት ጣታቸው ያሹታል። ከጣልያኖቹ ሳህን የተረፈችውን ቁራጭ ሥጋ ጨውና ዘይቷ እንዲለቅ እንደ ሳህን ሦስት ጊዜ ያጥቧታል፤ ከዚያ እንደ ገና ቀቅለው እንደ ክር ይተለትሏታል። የመጀመሪያው ቀን የሰጧት የጥፍር ያህል ብቻ ነው። ድመቷ ጮኸች። «ነገ» አሏት። በሁለተኛው ቀን የጥፍር ያህል ጨመሩ። እርሳቸው ይጾሙ ስለነበር ሥጋ የነካ እጃቸውን ከአፋቸው አርቀው ይዘው፣ በአመድ ፈትገው ይታጠቡት ነበር። እኔ ቅኔ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ባላውቅም እንደዚያ ባለ ጥንቃቄ የሚሠራ ነገር መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር።

በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። የድመቷን ዓይነ ምድር በእንጨት አሳዩኝ። ደረቅና ጥሩ ነበር። «ተመልከቺ ትዋብ፣ አሁን ቤት መታ!» አሉና ለብቻቸው ሳቁ። ስንኝ ሲያምር የሚባለውን ለምን ለዚያ እንደተናገሩት የገባኝ ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

ድመቷ ከዚያ በኋላ እሳቸው ዘንድ እየበላች እኛ ቤት አይጥ ትይዝ ጀመር። ብራናም ዳግመኛ አልነካችም። እናቴ ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ትሆናለች።

ጣልያን ሲወጣ መጻሕፍቱ በእልልታ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ተመለሱ። አባቴም ከዱር በሰላም ገባ። የሆነውን ከእናቴ ሰምቶ ከአያ ስንሻው ጋር ሰላምታ አቋረጠ። እርሱ ሲያቋርጥ ሰፈሩም አቋረጠ። ማኅበር አይጠሩም፣ ድግስ አይጠሩም። ጓሯቸውን ቆፍረው ጎመን እየተከሉ ኖሩ። እናቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «እንደምን አደሩ» ትላለች። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እታለም» ይላሉ። ከዚያ የሚያልፍ ቃል አይነጋገሩም። አንድ ቀን እንኳ «እኔ እኮ» ብለው ሊያስረዱ አልሞከሩም። ለምን እንዳልሞከሩ አሁንም አልገባኝም። ምናልባት የሚያምናቸው አይኖርም ብለው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ቅኔውን ሰሚው ራሱ እንዲፈታው ይጠብቁ ነበር።

አምና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ከሚነሣበት ቦታ ድረስ መጡ። አርጅተዋል። ከቤተሰቤ ፈንጠር ብለው ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ትዋብ፣ ማሩን አገኘሽው?»

«ድሮ አገኘሁት እኮ፣ አያ ስንሻው። ማርቆስ ውስጥ ነው።»

«እሱ የልጅነትሽ መልስ ነው። ሌላም ቦታ አለ።»

«የት?»

አንገታቸው ላይ ያለውን የቆዳ ክታብ ነካ አደረጉ። «ግማሹ እኔ ዘንድ ነው» አሉ። የአውቶቡሱ ረዳት ጮኸ፤ ተሳፈርኩ። እስከ ደጀን ድረስ ነገሩን ሳሰላስል ሄድኩ። ከዚያ የዓባይ ቁልቁለት ሲጀምር ፈርቼ ሁሉንም ረሳሁት።

የደብዳቤው ቀሪ ክፍል እንዲህ ይላል። አያ ስንሻው ሊያርፉ ሲሉ ለንስሓ አባታቸው ክታቡ ለእናቴ እንዲሰጥ ተናዘው ነበር። እናቴ ለመክፈት ፈርታ ዲያቆኑን አስከፈተችው። ከውስጡ የወጣው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ዳር ዳሯ በትናንሽ ጥርስ የተነከሰች ቁራጭ ብራና ነች። በቀይ ቀለም ሁለት ፊደል ተጽፎባታል፤ «ማር» ይላል። ዲያቆኑና እናቴ ቁራጯን ይዘው እስከ ገጠሯ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄዱ። መጽሐፉን አስገልጠው ከጎደለው ቦታ ላይ አስቀመጧት። በልኳ ገባች። የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ በዚያው በቀዩ ቀለም የቀሩት ሁለት ፊደላት አሉ፤ «ያም»።

ዲያቆኑ ማርያም ብሎ ሲያነብላት እናቴ «እስቲ ድገመው» አለችው አሉ። ደገመላት። እንደ ገና አስደገመችው።

ቀጥሎ ያለውን እሷ እንደተናገረችው እገለብጠዋለሁ።

«ልጄ ትዋብ፣ ያን ቀን ቁራጯን ለዘበኛው ቢያሳየው እኛ አልነበርንም። እሱ አንገቱ ላይ አስሮ ኖረባት። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አጥሩ ላይ ቆሜ እንደ እንግዳ ሰው እርስዎ ስለው ኖርኩ። ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን አፌ በራሱ አንተ አለው። አንቺ ተምረሻልና ንገሪኝ፤ ሰውን ከሞተ በኋላ አንተ ማለት ይቻላል ወይ?»

መልሱን ለመጻፍ ወረቀት ካወጣሁ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ከሰላምታው በታች ገና ምንም አልጻፍኩም።